በየቀኑ ለሚነዳ ሰው የትኛዋ ትንሽ ፒክአፕ ትሻላለች?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ዋሽንግተን ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ስለምሠራ በሳምንት አምስት ቀን እመላለሳለሁ። ቅዳሜና እሁድ ከእህቴ ጋር ለሰርግና ለክርስትና ምግብ እናዘጋጃለን። ጤፍ፣ ድስት፣ ትሪ፣ አንዳንዴም ወንበር እንጭናለን። የአንድ ዓመት ልጅ አለን። አቅማችን እስከ 30 ሺህ ዶላር ነው። የእኔ ዓይን ያረፈው ፎርድ ማቬሪክ ላይ ነው። ባለቤቴ ደግሞ ፒክአፕ ከተባለ ቶዮታ ነው፣ ታኮማ እንግዛና አንድ ቀን አገር ቤት እንወስዳታለን ይላል። የቱን ይመክሩናል?»

እህቴ፣ ላንቺም ሰላም ይሁን። መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽና ምክንያቱን ከዚያ ላስረዳ። እንደነገርሽኝ ከሆነ ለእናንተ የምትሆነው ማቬሪክ ናት፤ ያውም ሃይብሪዷ፣ በነዳጅም በኤሌክትሪክም የምትሠራዋ። ባለቤትሽ በቶዮታ ላይ ያለው እምነት እንዲሁ ከመሬት የተነሣ አይደለም። እኔም ጋራዥ ውስጥ በቆየሁበት ዘመን ቶዮታ ምን ያህል እንደሚያገለግል አይቻለሁ። ይሁንና ታኮማ የተሠራችለት ሥራና የእናንተ ሥራ አይገናኙም።

እስቲ ሳምንትሽን እንየው። አምስቱን ቀን መኪናዋ ውስጥ ያለሽው ብቻሽን ነሽ፤ ቢበዛ ከልጅሽ ጋር። ካሶኒው፣ ማለት የኋላ መጫኛው፣ ባዶውን ይሄዳል። በጆርጂያ አቬኑ ወይም በ16ኛው ጎዳና ወደ ከተማ ስትወርጂ መብራት ይይዝሻል፣ ትንሽ ትሄጃለሽ፣ እንደገና መብራት። ጭነት ያለው ቅዳሜ ነው፤ እሱም ድግስ ሲኖር። ብዙ ሰው ፒክአፕ ሲመርጥ በሐሳቡ የሚመጣለት ያቺ ካሶኒዋ እስከ አፉ የሞላባት አንዷ ቀን ናት። የቀሩትን ቀናት ነዳጅ፣ ፓርኪንግና መንገጫገጭ የሚከፍለው ለዚያች ቀን ሲል ነው። እኔ የምመክረው ለሰኞ ጠዋት የምትመች መኪና ገዝታችሁ፣ ቅዳሜን እንዴት እንደምትወጣው ማየት ነው።

ማቬሪክ ለሽያጭ የቀረበችው እ.ኤ.አ. በ2021፣ የ2022 ሞዴል ተብላ ነው። የምትገጣጠመው ሜክሲኮ፣ ኤርሞሲዮ ውስጥ ነው። እንደ ትልልቆቹ ፒክአፖች በከባድ ሻንሲ ላይ የተቀመጠች አይደለችም። አካሏ እንደ አውቶሞቢል አንድ ወጥ ነው፤ መሠረቷንም ከፎርድ ኤስኬፕ ጋር ትጋራለች። ስለዚህ ባዶዋን ስትነጃት አታነጥርም። ከ2024 በፊት የተሠሩት ታኮማዎች ኋላቸው ባሌስትራ፣ ማለትም የተደራረበ የብረት ዝርግ ሞላ፣ ነው። ባሌስትራ ጭነት ሲያርፍበት ደስ ይለዋል፤ ባዶውን ጉድጓድ ሲያገኝ ግን ወደ ላይ ይወረውርሻል። ከኋላ ሕፃን ተኝቶ ሲሄድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ርዝመታቸውንም ተመልከቺ። ማቬሪክ 200 ኢንች ያህል ናት። ባለ ደብል ጋቢናዋ ታኮማ፣ አጭሯ እንኳ፣ 213 ኢንች ገደማ ትሆናለች። ልዩነቱ ከአንድ ጫማ ይበልጣል። ዩ ስትሪት ወይም ኮሎምቢያ ሃይትስ ውስጥ በሁለት መኪኖች መሐል ገብታ የምታቆም ሰው ይህች አንድ ጫማ ምን እንደሆነች ታውቃታለች።

አሁን ወደ ሞተሩ እንምጣ፤ ሰው ብዙ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ማቬሪክ በሁለት ዓይነት ሞተር ትመጣለች። አንደኛው 2.0 ሊትር ባለ ተርቦ ነው፤ እስከ 2024 ባሉት ሞዴሎች 250 የፈረስ ጉልበት አለው። ሁለተኛው 2.5 ሊትር ሃይብሪድ ነው፤ ከኤሌክትሪክ ሞተሩ ጋር ተደምሮ 191 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ሻጩ በቁጥሩ ብልጫ ወደ ተርቦው ሊስብሽ ይችላል። ለአንቺ መንገድ 191 ይበቃል። ሀይዌይ ላይ ለመግባትም፣ ዳገት ለመውጣትም አያሳፍርም።

ሃይብሪዷ ግድግዳ ላይ አትሰካም። ፍሬን ስትይዢ ይባክን የነበረው ጉልበት ወደ ባትሪው ይመለሳል። መብራት ላይ ስትቆሚ ሞተሩ ይጠፋል፤ ስትነሺ በኤሌክትሪኩ ትንቀሳቀሳለች። ስለዚህ ከሀይዌይ ይልቅ ከተማ ውስጥ ነዳጅ ትቆጥባለች። የ2022ቷ ባለ ፊት እግር (በፊት ጎማዎቿ የምትነዳው) ሃይብሪድ በመንግሥት መለኪያ ከተማ ውስጥ በጋሎን 42 ማይል፣ ሀይዌይ ላይ 33፣ በአማካይ 37 ማይል ትሄዳለች። ተርቦዋ በአማካይ 25 ወይም 26 ናት። አዲሶቹ ታኮማዎች እንደ ሞዴላቸው ከ20 እስከ 23 ባለው ውስጥ ናቸው። በዓመት 12 ሺህ ማይል ትነጃለሽ እንበል። በ37 ካሰብነው 324 ጋሎን ያህል ነው። በ22 ካሰብነው 545 ጋሎን ይሆናል። ጋሎኑን በ3 ዶላር ብንይዘው ልዩነቱ በዓመት ወደ 660 ዶላር ይጠጋል። የአንቺ መንገድ በአብዛኛው ከተማ ስለሆነ ልዩነቱ ከዚህም ሊሰፋ ይችላል።

«ባትሪው ቢሞትስ?» የሚለው ፍርሃት ሁሌም ይነሣል። ለባትሪውና ለሃይብሪድ ክፍሎቹ ፋብሪካው የሚሰጠው ዋስትና 8 ዓመት ወይም 100 ሺህ ማይል ነው፤ ቀድሞ የደረሰው ይቆጠራል። ካምቢዮዋም በቀበቶ የሚሠራው ዓይነት አይደለም። በጥርስ ማርሾች የሚሠራ፣ ከቶዮታዋ ሃይብሪድ ከፕሪየስ ጋር ተመሳሳይ አሠራር ያለው ነው። ይህን ለማመን ሩቅ መሄድ አያስፈልግሽም። ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲና ኡበር ከሚነዱ ወገኖቻችን አንዱን ስለ ሃይብሪድ ጠይቂው፤ ፍሬኑ እንኳ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ይነግርሻል።

ባለቤትሽን በሚመለከት ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ እሱ በልቡ የያዛት አገር ቤት የሚያውቃት ሃይሉክስ ትመስለኛለች። ታኮማ ሃይሉክስ አይደለችም። ቶዮታ በ1995 ለሰሜን አሜሪካ ገበያ ለብቻዋ ያወጣት መኪና ናት፤ ከዚያ ወዲህ ሃይሉክስ እዚህ አዲስ አልተሸጠችም። ነገሩ የቆየ የንግድ ጠብም አለበት። አውሮፓውያን በአሜሪካ ዶሮ ላይ ቀረጥ ሲጭኑ ፕሬዚዳንት ጆንሰን በ1963 መጨረሻ ከውጭ በሚገቡ ቀላል የጭነት መኪናዎች ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ጣሉ። የዶሮው ነገር ተረሳ፤ የፒክአፑ ቀረጥ ግን ቀረ። ሌላው ዓለም የሚነዳቸው ትንንሽ ፒክአፖች እዚህ የማይታዩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሁለተኛ፣ ወደ አገር ቤት የመውሰዱ ሐሳብ። ኢትዮጵያ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላለች። ደንብ ሊለወጥ ይችላል። ቢሆንም ዛሬ ሜሪላንድ ውስጥ ለምትነዱት መኪና አንድ ቀን ይሆናል በሚል ተስፋ ብዙ ሺህ ዶላር መጨመር አይገባችሁም። አዲሷ ታኮማ በ2024 ስትወጣ መነሻ ዋጋዋ 31,500 ዶላር ነበር፤ ያ ደግሞ ባዶዋ ሞዴል ናት። ያገለገለችውም ዋጋዋን አጥብቃ ትይዛለች። ለሚሸጥ ሰው ጥሩ ነው፤ ለሚገዛ ግን አይደለም። ጀልባ ወይም ከባድ ተጎታች የምትጎትቱ፣ ተራራና ድንጋይ የምትወጡ ብትሆኑ ኖሮ ያለማመንታት ታኮማ እል ነበር።

አሁን ቅዳሜን እንይ። መጀመሪያ የክብደቱ ጉዳይ። የሾፌሩን በር ስትከፍቺ በሩ በሚዘጋበት ምሰሶ ላይ ነጭና ቢጫ ወረቀት ተለጥፏል። የሰውና የዕቃ ድምር ክብደት ከዚህ መብለጥ የለበትም የሚል ቁጥር በፓውንድ ተጽፎበታል። ሻጩ ከሚነግርሽ፣ ማስታወቂያው ላይ ካለውም ይልቅ ይህን ቁጥር እመኚ። ማቬሪክ እስከ 1,500 ፓውንድ ትጭናለች ይባላል፤ ግን እያንዳንዷ መኪና እንደተገጠመላት ዕቃ የራሷ ቁጥር አላት። ያየሻት መኪና ላይ 1,400 ተጽፏል እንበል። ሰውም ከዚህ ውስጥ ነው የሚቆጠረው። አንቺ፣ ባለቤትሽ፣ ልጁ ከነወንበሩ፣ እህትሽ ተጨምራ 575 ፓውንድ ብትሆኑ የሚቀረው 825 ነው። ባለ 50 ፓውንድ ጤፍ 10 ከረጢት 500 ይሆናል። ለድስትና ለትሪ 325 ይተርፋል። ይበቃችኋል። የውሃና የለስላሳ ካርቶን መደርደር ስትጀምሩ ግን ቁጥሩ ሳታስቡት ነው የሚያልቀው፤ ፈሳሽ ይከብዳል።

ካሶኒው አጭር ነው፤ አራት ተኩል ጫማ። ወንበር ሲሆን ከክብደቱ በፊት ቦታው ያልቃል። የኋላ ስፖንዳው ሲዘረጋ ስድስት ጫማ የሚደርስ ወለል ታገኛለሽ፤ ታዲያ ዕቃው በደንብ መታሰር አለበት። ደስ የሚለኝ ስፖንዳው በግማሽም መቆሙ ነው። በዚያን ጊዜ ከጎማዎቹ ሽፋን ጋር እኩል ስለሚሆን 4 በ8 ጫማ ጣውላ ወይም የድግስ ጠረጴዛ ላዩ ላይ ተጋድሞ ይሄዳል። የካሶኒው ጠርዝም ዝቅ ያለ ነው። ቁመቷ አጠር ያለች ሴት በጎን በኩል እጇን ሰዳ ድስት ማውጣት ትችላለች። ታኮማ ላይ ይህን ለማድረግ ጎማው ላይ መውጣት ሳይኖርብሽ አይቀርም።

ምግብ ስለምታመላልሱ ለካሶኒው ሽፋን ግዙ። የሚታጠፈው ጠንካራው ዓይነት ከጨርቁ ይሻላል፤ ይቆለፋልና። ነገር ግን ሽፋን ዝናብ ይከላከላል እንጂ ሙቀት አይከላከልም። የዋሽንግተን ሐምሌ 90 ፋራናይት ሲያልፍ ከሽፋኑ ሥር ያለው ከዚያም ይብሳል። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት በዚያ ሙቀት የበሰለ ምግብ ያለ ማቀዝቀዣ ወይም ያለ ማሞቂያ ከአንድ ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ይመክራል። ወጡን ሙቀት በሚይዝ ሳጥን ውስጥ አድርጊው። ክትፎውና አይቡ በበረዶ ሳጥን፣ ጋቢና ውስጥ ይሂዱ። ካሶኒው ለጤፉ፣ ለዕቃው፣ ለወንበሩ ይሁን።

አንዳንድ ሞዴል ካሶኒው ውስጥ የ110 ቮልት ሶኬት አለው። አንቺን የመሰለች ባለሙያ ይህን ስታይ ምን እንደምታስብ ይገባኛል። ግን የሚሰጠው 400 ዋት ብቻ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 1,500 ዋት ገደማ ይፈልጋል፤ ትንሿ የቡና ምድጃም ብትሆን አይችላትም። ስልክ፣ ድምፅ ማጉያ፣ አምፖል ለማብራት ይሆናል። እንጀራ እዚያ እንጋግራለን ብላችሁ ተጨማሪ ገንዘብ አታውጡ።

በዓመት ጥቂት ጊዜ የሚመጣው ትልቅ ሰርግስ? ለዚያ ቫን ወይም ተጎታች ተከራዩ። ሃይብሪዷ የምትጎትተው እስከ 2,000 ፓውንድ ነው። ከ2025 ሞዴል ወዲህ በልዩ አማራጭ እስከ 4,000 የምትጎትት ሃይብሪድም አለች። ባለ 4 በ8 ጫማ የተሸፈነ የኪራይ ተጎታች ባዶው 850 ፓውንድ ያህል ስለሚመዝን፣ በመጀመሪያዋ ላይ ለዕቃ የሚቀርሽ ከ1,150 አይበልጥም። የአንድ ቀን ቫን ኪራይ ዓመቱን ሙሉ ትልቅ መኪና ከመቀለብ እጅግ ይረክሳል።

በረዶን በተመለከተ፣ እስከ 2024 ያሉት ሃይብሪዶች በሙሉ በፊት እግር ብቻ የሚነዱ ናቸው። አራቱም እግር የሚነዳባት ሃይብሪድ የመጣችው በ2025 ነው። አንድ ሰው «የ2023 ሃይብሪድ፣ ኦል ዊል ድራይቭ» ብሎ ቢያስተዋውቅልሽ ወይ ሃይብሪድ አይደለችም፣ ወይ ኦል ዊል አይደለችም። ለሲልቨር ስፕሪንግ የፊት እግሯ ትበቃለች፤ የሞተሩ ክብደት የሚነዱት ጎማዎች ላይ ስላረፈ በደንብ ትይዛለች። በኋላ እግር ብቻ የምትሄደው ታኮማ ነች ካሶኒዋ ባዶ ሲሆን በረዶ ላይ የምትንሸራተተው። ገንዘቡን ጥሩ ጎማ ላይ አውሉት።

አንድ ማቬሪክን የማማበት ነገር አለ፤ የኋላ ወንበሯ። ለአዋቂ ያስኬዳል። ሕፃን ወደ ኋላ ዞሮ የሚቀመጥበት ትልቅ ወንበር ሲገባ ግን የፊተኛውን ተሳፋሪ ወንበር ወደ ፊት ያስገፋል። ባለቤትሽ ረጅም ከሆነ ጉልበቱ ዳሽቦርዱን ሊነካ ነው። ስለዚህ ዲለር ጋ ስትሄዱ የልጁን ወንበር ይዛችሁ ሂዱ። ራሳችሁ ግጠሙት፤ ባለቤትሽ ፊት ለፊቱ ይቀመጥና ይሞክረው። ካልተመቸው ፊርማው ይቆይ።

ሌሎቹን በአጭሩ ልንካቸው። ሃዩንዳይ ሳንታ ክሩዝ ውስጧ ያምራል፣ አነዳዷም ለስላሳ ነው፣ ከካሶኒዋ ወለል ሥርም የሚቆለፍ ዕቃ ማስቀመጫ አላት። ሃይብሪድ የላትም፤ የነዳጅ አማካይዋ 22 እና 23 አካባቢ ነው። ያገለገለች ከገዛሽ ደግሞ ዝነኛው የ10 ዓመት የሞተር ዋስትና ለመጀመሪያው ባለቤት እንጂ ለአንቺ ሙሉውን አይተላለፍም። ሆንዳ ሪጅላይን ከሁሉም ለቤተሰብ የምትመች ናት ብዬ አምናለሁ፤ የኋላ ወንበሯ ሰፊ ነው። ግን ረጅም ናት፣ ነዳጇ በአማካይ 21 ነው፣ አዲሷም ከበጀታችሁ በላይ ናት።

ዋጋን እንይ። ማቬሪክ መጀመሪያ ስትወጣ 19,995 ዶላር ነበረች። ያ ዘመን አልፏል፤ የ2025ቷ ስትወጣ ከ26 ሺህ በላይ ትጀምር ነበር፣ የማጓጓዣው ክፍያም ለብቻው ይደመራል። ታክሱ ሲጨመር 30 ሺህ ላይ ትደርሻለሽ። ስለዚህ ከ2022 እስከ 2024 ያለች፣ ማይሏ ያልበዛ ሃይብሪድ ብትፈልጊ ደስ ይለኛል። ከደረጃዎቿ መካከለኛዋን፣ ኤክስኤልቲ የምትባለዋን ምረጪ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዝቅተኛዋ ኤክስኤል ፍጥነትን በራሱ የሚጠብቀው ክሩዝ ኮንትሮል እንኳ የላትም። ላሪያት የምትባለዋ ደግሞ ለጌጥ ታስከፍላለች።

ያገለገለች ስታገኚ መጀመሪያ የሻንሲ ቁጥሯን በአገሪቱ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ ኤንኤችቲኤስኤ፣ ድረ ገጽ ላይ አስገቢ። ነጻ ነው። ያልተሠራ ሪኮል፣ ማለትም ፋብሪካው ለጉድለት ያወጣው የጥገና ጥሪ፣ ካለ ይነግርሻል፤ ሪኮል ዲለር ጋ ያለ ክፍያ ይሠራል። ይህን አጥብቄ የምለው በ2022 ሃይብሪዶቹ ሞተር ሲበላሽ የሚፈስ ዘይትና የነዳጅ ተን እሳት ሊያስነሣ ይችላል ተብሎ ሪኮል ስለወጣ ነው። መሠራቱን በወረቀት አረጋግጪ። ከዚያ የካሶኒውን ወለልና ከሥር ያለውን የመጎተቻ ቦታ እዪ። ኳሱ የሚገባበት በጣም የተቧጨረና የተበላ ከሆነ ብዙ ጎትታለች ማለት ነው። አራቱን ጎማ በእጅሽ ዳብሺ፤ አንዱ ጠርዝ ብቻ ካለቀ ከሥር የተጎዳ ነገር አለ። ጠዋት ሞተሯ ሳይሞቅ ሄደሽ አስነሺያት። ከመክፈልሽ በፊትም ሻጩ ያልመረጠው ሜካኒክ ያንሣትና ከሥር ይያት።

የመጨረሻው ነገር ኢንሹራንስ ነው፤ ሰው የሚረሳው ግን ከባድ የሆነው እሱ ነው። ለምግቡ ገንዘብ የምትቀበሉ ከሆነ መኪናዋ ለንግድ ሥራ ውላለች። የግል ፖሊሲ ብቻ ይዛችሁ ቅዳሜ ለሰርግ ስታመላልሱ አደጋ ቢደርስ ኩባንያው አልከፍልም ሊል ይችላል። ከመግዛታችሁ በፊት ደውላችሁ በሳምንት መጨረሻ የምግብ ዕቃ እንደምታመላልሱ ንገሯቸው፤ ተጨማሪው ስንት እንደሆነ ጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ያ ገንዘብም ከ30 ሺሁ ሒሳብ ጋር አብሮ ይታሰብ።